ፍሳሽ ወደ ወንዝ የመልቀቅ ፈቃድ፦ ምን ይፈቅዳል? ምን አይፈቅድም? ዜጎችስ አቤቱታቸውን እንዴት ያቀርባሉ?

በወንዝ ዳር የሚኖሩ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ በመስኖ አትክልት የሚያለሙ ወይም ከኢንዱስትሪ አካባቢ በታች በሚገኙ ከተሞች የቧንቧ ውሃ የሚጠቀሙ ዜጎች የወንዙ ውሃ ቀለሙና ሽታው ሲለወጥ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ይኸውም «ፋብሪካው ፍሳሹን ወደ ወንዛችን የሚለቀው ተፈቅዶለት ነው ወይስ ሳይፈቀድለት?» የሚል ነው። «ፈቃድ አለው» የሚል ምላሽ ያገኘ ተገልጋይ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ያበቃ መስሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሁን እንጂ የፈቃድ መኖር የጉዳዩ መጨረሻ ሊሆን አይገባም። ፍሳሽ የመልቀቅ ፈቃድ የመበከል ፈቃድ አይደለም። የመንጃ ፈቃድ የያዘ አሽከርካሪ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ እንዲነዳ እንዳልተፈቀደለት ሁሉ፣ ፍሳሽ እንዲለቅ የተፈቀደለት ድርጅትም ፈቃዱ ከሚጠቅሰው መጠንና ጥራት ውጭ አንድም ሊትር እንዲለቅ አልተፈቀደለትም።

ይህ ጽሑፍ በሥራ ላይ ያሉት ሕጎች ስለ ፍሳሽ አለቃቀቅ ምን እንደሚሉ፣ ፈቃድ የሚጠይቁ ድርጅቶች ምን ማዘጋጀት እንዳለባቸው፣ በተለይም ብክለት ያሳሰበው ማንኛውም ሰው አቤቱታውን በምን አኳኋን ማቅረብ እንደሚችል ለተገልጋዮች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የሕጉ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ያመለክታል። እነዚህን ድንጋጌዎች በውሃ ሀብት ላይ ተፈጻሚ የሚያደርጉት ሕጎች በሁለት ወገን የሚታዩ ሲሆን፣ ተገልጋዮችን ግራ የሚያጋባውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ወገን የውሃ ሀብት ሕግ ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ የውሃ ሀብት በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይገልጻል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃም ከማናቸውም ሌላ አጠቃቀም ቅድሚያ እንደሚሰጠው ይደነግጋል። አዋጁ ፈቃድ የሚጠይቁ ሥራዎችን ሲዘረዝር የውሃ ግንባታ ማካሄድን፣ ውሃ ማቅረብንና ውሃ ማስተላለፍን ይጠቅሳል፤ ከእነዚህ ጋር ደግሞ ፍሳሽን ወደ ውሃ ሀብት መልቀቅን ያካትታል። ዝርዝር አፈጻጸሙ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 115/1997 ተወስኗል። በአንጻሩ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚጠቀም አባወራ፣ በባህላዊ መስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ወይም በባህላዊ መንገድ ከብት የሚያረባ ሰው ለዚሁ አጠቃቀሙ ፈቃድ እንዲያወጣ አይገደድም። ይህንን እዚህ ላይ መግለጽ ያስፈለገው፣ ስለ ወንዙ ቢናገሩ «አንተስ ፈቃድ አለህ ወይ?» ተብለው እንደሚጠየቁ በመስጋት ዝም የሚሉ አርሶ አደሮች ሊኖሩ ስለሚችሉ ነው።

ሁለተኛው ወገን የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አግባብ ያለውን የአካባቢ ደረጃ በመተላለፍ አካባቢን እንዳይበክል ወይም ሌላው እንዲበክል እንዳያደርግ ይከለክላል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች የሚያመነጩትን በካይ ነገር አስቀድመው እንዲከላከሉ፣ ይህ የማይቻል በሚሆንበት ጊዜ ከተወሰነው ደረጃ በታች እንዲያደርሱት፣ የራሳቸውን የክትትል ሥርዓት ዘርግተው መዝገብ እንዲይዙና ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ግንኙነት በቀላል አነጋገር ሲገለጽ፣ የውሃ ሀብት ሕጉ «ወደዚህ ወንዝ መልቀቅ ትችላለህ ወይስ አትችልም?» የሚለውን ይመልሳል፤ የአካባቢ ሕጉ ደግሞ «የምትለቀው ነገር ምን ያህል ንጹሕ መሆን አለበት?» የሚለውን ይወስናል። አንዱን አሟልቶ ሌላውን የተወ ድርጅት ሕጉን አሟልቷል አይባልም።

የወንዙ መድረሻ ለምን ግምት ውስጥ ይገባል?

አንዳንድ ጊዜ «ወንዝ ይሄዳል፤ ቆሻሻውንም ይዞት ይሄዳል» የሚል አስተሳሰብ ይደመጣል። ጥያቄው ግን ወዴት ነው የሚሄደው? የሚለው ነው።

የአዋሽ ወንዝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር አካባቢ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወደ ባሕር አይደርስም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። የቆዳ ፋብሪካዎች የሚገኙባትን ሞጆ ከተማ የሚያቋርጠው የሞጆ ወንዝም ወደ ቆቃ ሐይቅ ይፈስሳል። ከቆቃ በታች የአዳማ ከተማ ነዋሪዎች የሚጠጡት ውሃ ከዚሁ ከአዋሽ ተጠልፎ የሚጣራ ነው። ከዚያ ወዲያ የመተሐራ የሸንኮራ እርሻና የአፋር አርብቶ አደር ይገኛሉ። በዚህ መንገድ ላይ ሽቅብ የሚለቀቅ ጨው ወይም ከባድ ብረት ቁልቁል የሆነ ሰው ማሳ፣ የሆነ ሰው እንስራ ውስጥ ይገባል፤ ቀሪው ደግሞ በግድቦች ግርጌና በሐይቆች ደለል ውስጥ ይከማቻል።

የሐዋሳ ሐይቅም እንዲሁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐይቁም ፈሳሽ እንዳይለቅ ተደርጎ የተገነባው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፍሳሽ የመልቀቅ ፈቃድ ሲመረመር ከፋብሪካው በር ላይ ያለው ቧንቧ ብቻ አይታይም። ተቀባዩ ወንዝ በበጋ ወራት ምን ያህል ውሃ እንደሚቀረው፣ ከታች ማን እንደሚጠቀምበት፣ መጨረሻውም የት እንደሆነ ይታያል። በነሐሴ ሞልቶ የሚጋልብ ወንዝ በየካቲት ከድንጋይ ድንጋይ የሚያዘግም ቀጭን ጅረት ሊሆን ይችላልና፣ ተገቢው ስሌት የሚሠራው በየካቲቱ ውሃ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

በየኢንዱስትሪው ዓይነት የወጡ የፍሳሽ ደረጃዎች አሉ። ለምሳሌ ለቆዳ ፋብሪካዎች በወጣው ደረጃ መሠረት የሚለቀቀው ፍሳሽ የአሲድነት መጠን (ፒኤች) ከ6 እስከ 9 መሆን አለበት። የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎቱ በሊትር ከ200 ሚሊ ግራም፣ የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎቱ ከ500 ሚሊ ግራም፣ ጠቅላላ የክሮሚየም መጠኑ ደግሞ ከ2 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ደረጃዎች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉና ለአንድ ድርጅት የሚሰጠው ፈቃድ ከዚህ የጠበቀ ገደብ ሊይዝ ስለሚችል፣ ዋናው ማጣቀሻ በፈቃዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው።

የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት የሚባለው ልኬት በፍሳሹ ውስጥ ያለው ሊበሰብስ የሚችል ነገር በጥቃቅን ሕዋሳት ሲበላ ከውሃው ውስጥ የሚወስደው የኦክስጅን መጠን ነው። ደም፣ ስብ፣ የቢራ ጭላጭ፣ የቡና ገለባ ዝቃጭ ሁሉ በባሕርዩ መርዝ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በብዛት ወደ ወንዝ ሲገባ ሕዋሳቱ ኦክስጅኑን አሟጥጠው ይጨርሱታል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፤ ውሃው ይከረፋል። በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጅማና በሌሎችም ቡና አብቃይ አካባቢዎች በመኸር ወራት ከእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚወጣው ፍሳሽ ጉዳት ከዚህ ይመደባል። ጣቢያዎቹ የሚሠሩት በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም ሥራቸው የሚበረታው ክረምቱ አልፎ ወንዞች እየቀነሱ በሚሄዱበት ጊዜ ነው። የማጠራቀሚያ ኩሬ መቆፈር፣ ገለባውን ለይቶ ወደ ማዳበሪያነት መለወጥና ውሃውን መልሶ መጠቀም ለእነዚህ ጣቢያዎች ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም።

ክሮሚየም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው የክሮሚየም ዓይነት (ባለ ሦስት ቫለንስ) ከአደገኛው ባለ ስድስት ቫለንስ የተለየ ቢሆንም፣ ሁለቱም አይበሰብሱም፤ ጊዜ አያጠፋቸውም። ለባለ ስድስቱ የተወሰነው ገደብ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ብቻ የሆነው ካንሰር አምጪ በመሆኑ ነው። ዓይን ይህንን ሊለይ እንደማይችል መገንዘብ ይገባል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣ ጥቂት ማቅለሚያ ወንዙን ቀይ ወይም ሰማያዊ አድርጎ ሰውን ሁሉ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ኩልል ብሎ የሚታይ ውሃ ደግሞ የተሟሟ ጨውና ብረት ተሸክሞ ሊያልፍ ይችላል። ቀለም ለጥርጣሬ መነሻ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የቀለም አለመኖርም የንጽሕና ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስለ ማቅጠን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አንድ ድርጅት በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያመነጫል እንበል፤ የኦክስጅን ፍላጎቱም በሊትር 800 ሚሊ ግራም ነው። ድርጅቱ ማጣሪያ ከመሥራት ይልቅ 300 ሜትር ኩብ ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ቢጨምርበት በቧንቧው ጫፍ ላይ የሚለካው መጠን ወደ 200 ይወርዳል፤ በወረቀት ላይም ደረጃውን ያሟላ ይመስላል። ነገር ግን ወንዙ የሚቀበለው ሸክም ያው በቀን 80 ኪሎ ግራም ነው፤ አንድም ግራም አልቀነሰም። እንዲያውም 300 ሺህ ሊትር ንጹሕ ውሃ ባክኗል። ስለሆነም ተቆጣጣሪዎች የሚመለከቱት የፍሳሹን ጥራት ብቻ ሳይሆን በቀን የሚለቀቀውን መጠንና ድርጅቱ ያስገባውን ውሃም ጭምር ነው። ፍሳሽን አጠራቅሞ ቆይቶ በክረምት ጎርፍ ወይም በሌሊት መልቀቅም ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ፈቃድ ለሚጠይቁ ድርጅቶች

አዲስ ፕሮጀክት የሚጀምር ባለሀብት የመጀመሪያ እርምጃው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ነው። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም፤ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም ይህንን ይሁንታ ሳያረጋግጡ ፈቃድ መስጠት የለባቸውም። የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሊሆንና አስተያየት ሊሰጥበት እንደሚገባ አዋጁ ደንግጓል። በአካባቢው ፋብሪካ ሊተከል መሆኑን የሰማ ነዋሪ ሪፖርቱን ለማየት መጠየቅ ያለበት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። የማጣሪያው ቦታና የፍሳሹ መውጫ በሥዕል ላይ እያለ መለወጥ ይቻላል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ፍሳሽ የመልቀቅ ፈቃድ ለማግኘት የሚቀርብ ማመልከቻ ፍሳሹ ከየትኛው ሥራ እንደሚመነጭ፣ በቀን ምን ያህል እንደሆነ፣ የላብራቶሪ ምርመራ ውጤቱን፣ የማጣሪያ ጣቢያውን ዲዛይን፣ የሚለቀቅበትን ትክክለኛ ቦታ፣ ተቀባዩን ወንዝ ወይም ሐይቅና ድርጅቱ ራሱ የሚያካሂደውን ክትትል በግልጽ ማሳየት ይጠበቅበታል። አመልካቾች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት የዝቃጩን ነገር ነው። ፍሳሽ ሲጣራ ብክለቱ አይጠፋም፤ ከውሃው ወደ ዝቃጩ ይሸጋገራል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ዝቃጭ ክሮሚየሙን ይዞ ይቀራልና የት እንደሚወገድ ያልተጻፈበት ማመልከቻ ግማሽ ማመልከቻ ነው።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከቅጣት ባሻገር ማበረታቻም አለው፤ ብክለትን ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገቡ አዳዲስ መሣሪያዎች ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ማጣሪያ ለማስገባት የገንዘብ አቅም እንደሌላቸው የሚገልጹ ድርጅቶች ይህንን ዕድል አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

የመኪና እጥበት፣ ሆቴል፣ ቄራ፣ ሆስፒታልና የመሳሰሉት አገልግሎት ሰጪዎች ፋብሪካ ባለመሆናቸው ብቻ ከክልከላው ነጻ አይደሉም። የከተማ ፍሳሽ መስመር ባለበት ቦታ ከመስመሩ ጋር መገናኘት፣ በሌለበት ቦታ ደግሞ ፍሳሹን በአግባቡ አጠራቅሞ በፍሳሽ ማንሻ ተሽከርካሪ ማስወገድ ይጠበቅባቸዋል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን ከጎርፍ መውረጃ ቱቦ ጋር ማገናኘት በከተሞቻችን የተለመደ ቢመስልም ሕገ ወጥ ነው። የጎርፍ ቱቦ መጨረሻው ማጣሪያ ሳይሆን ወንዝ ነውና።

አቤቱታ ማቅረብ፦ ማን? የት? በምን ያህል ጊዜ?

በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ውስጥ ለዜጎች ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀው አንቀጽ 11 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም አግባብ ላለው የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ይህንን ለማድረግ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። በሌሎች ጉዳዮች ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ «አንተን ምን ነካህ?» ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ ግን ከብቱ ያልሞተበት፣ ማሳው ያልተጎዳበት፣ ከወንዙ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰውም አቤት ማለት ይችላል። ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅም ግዴታ አይደለም፤ ሊደርስ የሚችል ጉዳት በቂ ነው።

አንቀጹ የጊዜ ገደብም አስቀምጧል። አቤቱታ የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በተሰጠው ውሳኔ ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ክሱን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን በመሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው። ጥቅምት 5 ቀን ገቢ የሆነ አቤቱታ እስከ ኅዳር 5 ቀን ውሳኔ ካላገኘ፣ የፍርድ ቤቱ በር እስከ ጥር 5 ቀን ድረስ ክፍት ነው። በነሐሴ የሚያመለክቱ ሰዎች የጳጉሜን ቀናት አይርሱ። ለጥንቃቄም የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው መገኘት ይመረጣል።

እነዚህ ቀናት የሚቆጠሩት ግን አቤቱታው መቅረቡ ከታወቀበት ቀን ነው። ለኃላፊ በቃል የተነገረ፣ በስብሰባ ላይ የተነሣ ወይም በስልክ የተገለጸ ቅሬታ መቼ እንደቀረበ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የኅብረተሰቡ ብርቱ ቅሬታዎች ለዓመታት በየስብሰባው ሲነሡ ቆይተው አንድም ጊዜ በመዝገብ ቤት ሳያልፉ መቅረታቸው የሚያስቆጭ ነው። ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በመዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ በሁለተኛው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት። መጻፍ የማይችል ሰው በሌላ ሰው ማጻፍ ይችላል። አቤቱታው ረጅም መሆን አያስፈልገውም፦ ብክለቱ የታየበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የታየው ነገር፣ ይለቅቃል ተብሎ የሚጠረጠረው ድርጅት፣ ሁኔታው በየስንት ጊዜው እንደሚደጋገምና ያዩ ሰዎች ካሉ ስማቸው በቂ ነው። የላብራቶሪ ውጤት ማያያዝ ግዴታ አይደለም፤ ጠበቃ ማቆምም እንዲሁ።

ከላይ የተጠቀሱት ሁለት የሕግ ወገኖች ኃላፊነቱን ለተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ስለሚሰጡ፣ አቤት ባይ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊላክ መቻሉ አይካድም፤ ይህ አድካሚ ነው። መንገዱን ለማሳጠር የሚረዳው የሚከተለው ነው። የብክለት አቤቱታ የሚቀርበው ለክልሉ ወይም ለከተማ አስተዳደሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጉዳዩ በፌዴራል ደረጃ የሚታይ ወይም ክልሎችን የሚያገናኝ ሲሆን ለፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይቀርባል። ድርጅቱ ፍሳሽ የመልቀቅ ፈቃድ ያለው መሆኑንና የፈቃዱን ግዴታዎች ለማጣራት ደግሞ የውሃ ሀብቱን የሚቆጣጠረው አካል ይጠየቃል፤ ይህም እንደ ተፋሰሱ ሁኔታ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የተፋሰስ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወይም የክልሉ ውሃ ቢሮ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ የሚገባውን ደብዳቤ ለሌላው በግልባጭ ማሳወቅ ይጠቅማል። «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» የሚል ምላሽ ከተሰጠ ምላሹ በጽሑፍ እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቁጥጥሩ እንዴት ይካሄዳል?

አቤቱታው ከደረሰ በኋላ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ወደ ቦታው ይሄዳል። አዋጁ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ድርጅቱ ግቢ እንዲገባ፣ ሠራተኞችን እንዲጠይቅ፣ ሰነድ እንዲመረምር፣ ፎቶ ግራፍ እንዲያነሣና ናሙና እንዲወስድ ሥልጣን ሰጥቶታል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው፤ አቤት ባዩ «እከስሃለሁ» እያለ አስቀድሞ ለድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ባይሰጥ ይመረጣል። ቧንቧ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ፣ ማጣሪያም በአንድ ጠዋት ሊነሣ ይችላል።

ውጤቱ በማግሥቱ አለመድረሱ ሁልጊዜ የቸልተኝነት ምልክት አይደለም። የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት የሚለካው ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለአምስት ቀናት ተቀምጦ ነው፤ ይህንን ማፋጠን አይቻልም። ናሙናው ከተወሰደበት ሰዓት አንሥቶ በቅዝቃዜ ካልተጓጓዘና በአጭር ጊዜ ምርመራው ካልተጀመረ ውጤቱ ይዛባል። በመሆኑም ነዋሪዎች በጠርሙስ ቀድተው በየቤታቸው ያቆዩት ውሃ ለክትትል ፍንጭ ሊሰጥ ቢችልም እንደ ማስረጃ ክብደቱ አነስተኛ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት ለሁለት ሦስት ሳምንት በደብተር መመዝገብ እጅግ ይረዳል። ፍሳሹ ዘወትር ሐሙስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚለቀቅ ከሆነ ተቆጣጣሪው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የሚያገኘው ነገር የለም። የሚበጀውን ሰዓት የሚያውቀው ወንዙ ዳር የሚያድረው ሰው ነው። በባዶ እጅ ፍሳሹን መንካት ግን አያስፈልግም።

ጥፋት ከተረጋገጠ መሥሪያ ቤቱ አስተዳደራዊ ወይም ሕጋዊ እርምጃ ይወስዳል። ብክለቱን ያደረሰው ሰው አካባቢውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን፣ ቆሻሻ የሚቀንስ ቴክኖሎጂ እንዲተክል ሊታዘዝ ይችላል፤ ለሰው ጤና ወይም ለአካባቢ አደጋ ካለ እርምጃው ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር ሊደርስ ይችላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አካባቢን መበከልን በአንቀጽ 519 በወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎታል። ይህ ሁሉ ከብቱ የሞተበት ወይም ሰብሉ የጠፋበት ሰው የሚጠይቀውን የካሳ ጥያቄ አይተካም፤ ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ራሱን ችሎ የሚቀርብ ነው። ለዚህኛው ክስ ጉዳቱን ማስረዳት ግዴታ በመሆኑ የእንስሳት ሐኪም ወይም የግብርና ባለሙያ የሰጠውን ማስረጃ፣ የጉዳቱን ቀንና ግምት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ድንገተኛ ሁኔታ ሲያጋጥም

ዓሣ በብዛት ሞቶ ሲንሳፈፍ፣ ከብቶች ከወንዙ ጠጥተው ሲወድቁ፣ ወይም ኬሚካል የጫነ ተሽከርካሪ ወንዝ ውስጥ ሲገለበጥ 30 ቀን የሚቆጠርበት ጉዳይ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቅድሚያ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው አስተዳደር፣ ለፖሊስና ለአቅራቢያው ጤና ጣቢያ በማናቸውም መንገድ፣ በስልክም ቢሆን፣ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል፤ የጽሑፍ አቤቱታው በማግሥቱ ሊከተል ይችላል። ከወንዙ ውሃ የሚጠቀሙ ጎረቤቶችን፣ በተለይም በታች በኩል ያሉትን፣ ማስጠንቀቅ አይዘንጋ። የሞቱ ዓሦችን ለምግብ መልቀም፣ የሞተ ከብትን ሥጋ መጠቀም ወይም ውሃውን «ከፈላ ይጠራል» ብሎ መጠጣት አደገኛ ነው፤ ማፍላት ተሐዋስያንን እንጂ ክሮሚየምንና ሌላ ኬሚካልን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተንን ኬሚካሉ ይጠነክራል። ከብክለቱ በታች ባለ ከተማ ውሃ የሚያመርት አገልግሎት ካለም ለዚያ አገልግሎት ሳይዘገይ ይነገር፤ የተበከለው ውሃ እስኪያልፍ መሳቢያ ፓምፑን ማቆም የሚችሉት አስቀድመው ካወቁ ብቻ ነው።